ቻይና የነገደችው በማን ገንዘብ ነው?

ስለ ቻይና ንግድና ገንዘብ ሲወራ ሦስት ነገር አይቀርም። የወረቀት ገንዘብን ፈለሰፈች፤ የዓለምን የብር ማዕድን ስትከምር ኖረች፤ አሁን ደግሞ ዶላርን ልትጥል ነው። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ጎዶሎ ነው። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ቻይና ለብዙ መቶ ዓመታት ከውጭው ዓለም ጋር የተገበያየችው በአብዛኛው ሌሎች አገሮች ቆፍረው ባወጡት ብር መሆኑ ነው። በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ሰው የሚላቸው ናቸው፤ ከሥራቸው አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በሐር መንገድ ሮማውያን ወርቅ እየጫኑ ቻይና ይሄዱ ነበር»

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ገንዘባችን ወደ ሕንድ፣ ወደ ሐር አገርና ወደ ዓረቢያ ፈሰሰ ብሎ አማርሯል። የሮማ ሳንቲም በብዛት የተገኘው ግን ሕንድ ውስጥ ነው። ቻይና ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ሐሩ በብዙ ነጋዴ እጅ አልፎ ነው ሮም የሚደርሰው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሐሩ ራሱ ገንዘብ ነበር። የታንግ መንግሥት (618–907) በምዕራብ ድንበር ለሰፈሩ ወታደሮቹ ደመወዝ የሚልከው በጣቃ ሐር ነው።

«የወረቀት ገንዘብ ስለነበራት የውጭ ንግዷም በወረቀት ነበር»

ጅያኦዚ የተባለው ወረቀት የተወለደው ሲቹዋን ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራበት ሳንቲም ከብረት ስለነበር ለመሸከም ይከብዳል። ነጋዴዎች ሳንቲሙን አስቀምጠው ደረሰኙን መገበያያ አደረጉት። መንግሥት ሥራውን የወሰደው በ1020ዎቹ ነው። ይህ ሁሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው። ባሕር የተሻገረው የሶንግ መንግሥት (960–1279) ዘመን የነሐስ ሳንቲም ነው። መንግሥት ደጋግሞ እንዳይወጣ ቢከለክልም የሰማው የለም። ጃፓን ለዘመናት የራሷን ሳንቲም ሳትመታ በቻይናው ተገበያየች። ዛንዚባርና ሞቃዲሾ ድረስም ተገኝቷል።

በሞንጎሎች ዘመን የውጭ ነጋዴ ወርቁንና ብሩን አስረክቦ ወረቀት ይቀበል እንደነበር የቬኒሱ ተጓዥ ማርኮ ፖሎ ጽፏል። በወረቀቱም እዚያው ዕቃ ይገዛበታል። ሞንጎሎችን የተካው የሚንግ መንግሥት በ1375 የራሱን ወረቀት አወጣ፤ በብርም ሆነ በወርቅ ግን አይመነዝረውም። ማተሙን ግን አላቆመም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወረቀቱን የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ሕዝቡ ወደ ብር የዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

«ቻይና ከውጭ የምትፈልገው ስላልነበረ ብር ብቻ ተቀበለች»

ይህ አባባል ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በ1793 ለእንግሊዙ ንጉሥ ከጻፈው ደብዳቤ የመጣ ነው። የእናንተ ዕቃ አያስፈልገንም ብሎ ነበር። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ይበል እንጂ ነጋዴው የሕንድ ጥጥ፣ በርበሬ፣ ሰንደል፣ የጃፓን መዳብ ይገዛ ነበር። በ1784 የደረሰችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ መርከብም ዋና ጭነቷ ጂንሰንግ የተባለው ሥር ነው።

ብሩም ቢሆን ራሱ ተፈላጊ ሸቀጥ ነበር። የቻይና የብር ማዕድን ጥቂት ነው፤ ግብር ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን እየዋለ ሲያድር በብር የሚከፈል ሆነ። ስለዚህ ብር ተወደደ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቻይና ውስጥ አንድ እጅ ወርቅ በስድስት እጅ ብር ገደማ ሲመነዘር፣ አውሮፓ ውስጥ አሥራ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ብር ጭኖ ቻይና የደረሰ ነጋዴ ሌላ ሥራ ሳይሠራ አተረፈ ማለት ነው። የጃፓኑ ኢዋሚና የቦሊቪያው ፖቶሲ ማዕድን ወደዚያ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ነው። በ1567 የፉጂያን ነጋዴዎች ባሕር እንዲወጡ ተፈቀደ። ከ1571 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር የተቆፈረው ብር በስፔን መርከብ ማኒላ ላይ ይጠብቃቸው ነበር።

«ታኤል የቻይና የብር ሳንቲም ነው»

ታኤል ሳንቲም ሳይሆን ሚዛን ነው። እሱም አንድ ወጥ አይደለም፤ የግምጃ ቤቱ ወደ 37.3 ግራም ሲሆን የጉምሩኩ ትንሽ ይበልጣል። ከተማው ሁሉ የየራሱ አለው። ብሩ በቁራጭ ይቀልጣል፣ ይመዘናል፣ ንጽሕናው ይመረመራል። በዚህ ላይ የስፔን የብር ሳንቲም መጣ። ካንቶን (የዛሬዋ ጓንግዡ) ላይ ነጋዴው ይመረምረውና «ትክክል ነው» ለማለት ማኅተሙን ይመታበታል። እጅ የበዛበት ሳንቲም መልኩ እስኪጠፋ ይደበደባል።

በጣም የተወደደው የስፔኑ ንጉሥ የካርሎስ ምስል ያለበት ነው። ካርሎስ 4ኛ በ1808 ዙፋኑን ለቀቀ። ሻንጋይ አካባቢ ግን ሳንቲሙ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት በውስጡ ካለው ብር በላይ ዋጋ ነበረው። ማርትሬዛን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያ እቴጌ የሞቱት በ1780 ነው፤ የአገራችን ገበያ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም የእሳቸውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። አሜሪካም በ1873 ለቻይና ገበያ ብላ ልዩ ዶላር መታች፤ የሜክሲኮውን ባለ ንስር ሳንቲም ግን ከቦታው ሊነቀንቀው አልቻለም።

«የእንግሊዙ ኩባንያ ኦፒየም ሰጥቶ ሻይ ወሰደ»

ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ በእኔ ዓይን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ሕንድ ውስጥ ካልካታ ላይ በጨረታ ይሸጠዋል። ከዚያ በኋላ አላውቀውም ይላል። የግል ነጋዴዎች ጭነው ከካንቶን ማዶ ለኮንትሮባንዲስት በጥሬ ብር ይሸጡታል። ብሩን ካንቶን ላለው የኩባንያው ግምጃ ቤት አስገብተው ለንደን ላይ የሚከፈል ሐዋላ ይወስዳሉ። ኩባንያው በዚያው ብር ሻይ ይገዛል። የኩባንያው መርከብ ላይ ኦፒየም የለም።

ከ1820ዎቹ ጀምሮ ብር ከቻይና ይወጣ ጀመር። የላቲን አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ማዕድኑን ማናጋቱም ብሩን እንዳሳነሰው የሚናገሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ዱላው ያረፈው ገበሬው ላይ ነው። ምርቱን የሚሸጠው በመዳብ ሳንቲም፣ ግብሩ የሚተመነው በብር። ቀድሞ 1000 ሳንቲም ገደማ የነበረው አንድ ታኤል በ1840ዎቹ ወደ 2000 ወጣ። እንግሊዝና ቻይና በኦፒየም ሳቢያ ከተዋጉ በኋላ በ1842 በናንኪንግ ውል ቻይና የተጫነባት ካሳ 21 ሚሊዮን ዶላር ነው። የስፔን ዶላር፣ ማለትም ያው የብር ሳንቲም ማለት ነው፤ የአሸናፊውም የተሸናፊውም ገንዘብ አይደለም።

«ዩዋን ለውጭ ንግድ የዋለው ገና አሁን ነው»

እንግሊዝ በ1967 የፓውንድን ዋጋ ስትቀንስ ቻይና በማግስቱ ዓመት በካንቶን የንግድ ትርዒት ከሆንግ ኮንግና ከማካዎ ነጋዴዎች ጋር በራሷ ገንዘብ በዩዋን መዋዋል ጀምራ ነበር። የውጭ ንግድን በዩዋን የመክፈል የአሁኑ ሙከራ የመጣው በ2009 ነው። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ከጓንግዡ ዕቃ ሲያዝ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) የሚከፍተው አሁንም በአብዛኛው በዶላር ነው። ጥፋቱን ሁሉ በዋሽንግተን ላይ መጣል ይቀላል። ግን ቤጂንግም ገንዘቧ ድንበር ተሻግሮ እንደልቡ እንዲገባና እንዲወጣ አትፈቅድም።