በባሕር ዳር ጓሮ ለጋ ድንች መቼ ይተከላል

ለጋ ድንች የሚባለው ተክሉ ሳይደርቅ፣ ቆዳው በአውራ ጣት ሲታሽ ገና የሚላጥ፣ ከተተከለ ከ75 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ የሚቆፈር ድንች ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ጓሮዎች ለዚህ የሚመቸው ዋናው የተከላ ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 10 ገደማ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት የአፈሩ እርጥበት፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜና የዘሩ ጉንቁል ናቸው። ከነዚህ ብዙ ሰው ችላ የሚለው ዘሩን ነው፤ ብዙ ጓሮ ባዶ የሚያስቀረውም እሱ ነው።

በብርድ አገር ድንች የሚተክል ሰው አፈሩ እስኪሞቅ ይጠብቃል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ አፈሯ ድንች እንዳይበቅል የሚያደርግ ቅዝቃዜ አያውቀውም። ወደ አዴትና ከዚያም ወደ ላይ ባለው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚያሰጋው ውርጭም ከሐይቁ አጠገብ ባሉ ጓሮዎች ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ሙቀት ነው። ድንች በደንብ የሚቋጥረው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከዋለ ካደረ ተክሉ ቅጠሉን ያንዠረግገዋል እንጂ ከሥሩ የሚገኘው ትንሽ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የባሕር ዳር ከሰዓት 30 ዲግሪ ይጠጋል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለለት ብርድ ለድንች መልካም ዜና ነው፤ ከዚያ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ድንቹ የሚወፍርባቸው ናቸው።

ስሌቱን በአንድ ቀን እንየው። ጥቅምት 15 የተተከለ፣ በደንብ የጎነቆለ ዘር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ከመሬት ይወጣል። በኅዳር መጨረሻ አካባቢ መቋጠር ይጀምራል፤ ታኅሣሥን በሙሉ በብርዱ ሌሊት ይወፍራል። 75ኛ ቀኑ ታኅሣሥ 30፣ ሙሉ በሙሉ መድረስ የሚጀምርበት 100ኛ ቀኑ ጥር 25 ላይ ይውላል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ ስለማይገባ፣ ጾሙ የቱንም ያህል ቢቀድም የድንች ወጡ ከጓሮ ይደርሳል። ያው ዘር ታኅሣሥ 15 ቢተከል ግን 100ኛ ቀኑ መጋቢት 25 ነው። ሊወፍር በሚገባው ሰዓት ሙቀቱ ይደርስበታል፤ የሚቆፈረው ጣት ጣት የሚያህል ይሆናል፤ ሲደርቅ በሚሰነጠቀው አፈር በኩልም የድንች የእሳት እራት ትል ይገባበታል።

የአፈሩ ተራ

መስቀል እንዳለፈ ልትከል ማለት የተለመደ ጥድፊያ ነው። የመስከረም መጨረሻ አፈር ውሃ የጠገበ ነው፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ የገባ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቀላሉ መፈተኛ እጅ ነው። 15 ሳንቲሜትር ቆፍሮ አንድ እፍኝ አፈር ማንሳት፣ ጨብጦ ማድቦልቦል፣ ከወገብ ከፍታ መልቀቅ። መሬት ሲነካ ከተፈረካከሰ ለተከላ ደርሷል፤ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ አንድ ሳምንት ጠብቆ እንደገና መሞከር ነው። ቀይ አፈር ያለው ጓሮ ብዙ ጊዜ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንታት ይደርሳል። ጥቁር ዋልካ ያለው ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ይዘገያል፤ ያም ሆኖ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ካልሆነ ዋልካ ላይ ድንች ባይተከል ይሻላል።

ከሐይቁ ዳር፣ ደንገል ከሚበቅልበት ብዙም የማይርቁ ቦታዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ስለሚቆጣጠር ደግሞ የውሃው ከፍታ በዝናቡ ብቻ አይገመትም። ስለዚህ ላዩ የደረቀ መስሎ ታቹ ውሃ ያቆረ ጓሮ ይኖራል። 50 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ማሳደር፤ ጠዋት ከሥሩ ውሃ ከተገኘ ለድንች ጊዜው ገና ነው።

ዘሩ ቀኑን ይወስናል

ድንች ከተቆፈረ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይተኛል። ምንም ያህል ውሃና ፍግ ቢያገኝ ዓይኑን አይከፍትም። በባሕር ዳር ጓሮዎች የሚታየው ትልቁ ስሕተት ከዚህ ይመጣል። በጥቅምት ቅዳሜ ገበያ የሚራገፈው ድንች አብዛኛው የክረምት ምርት ነው፤ ከመሬት ከወጣ ገና ሳምንታት ነው። ያንን ገዝቶ ወዲያው የተከለ ሰው ግማሹ በኅዳር፣ ግማሹ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲወጣ ያያል፤ የቀረው በስብሶ ይገኛል። በቀኑ ተክሏል፤ ድንቹ ግን በራሱ ቀን ነው የነቃው።

ለጥቅምት ተከላ የሚሆነው ዘር በመስኖ ወይም በበልግ ተመርቶ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የተቆፈረ ነው። እሱም የሚቀመጠው በጨለማ ጆንያ ውስጥ አይደለም። ጨለማ ውስጥ የቆየ ዘር ነጭ፣ ረጅምና ቀጭን ጉንቁል ያወጣል፤ ሲነካ ይሰበራል። ብርሃን የሚገባበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ነፋስ የሚያገኝ የቀርከሃ ወይም የእንጨት መደርደሪያ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ሲዘረጋ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይሆናል። ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ሲደርስ ዘሩ ዝግጁ ነው። ከአናቱ አንድ ብቻ ወጥቶ ሌላው ዓይን ከተኛ ያንን አንዱን መስበር ይገባል፤ በሁለት ሳምንት ሌሎቹ ይነሣሉ፤ ብዙ ግንድ ያለው ተክልም ብዙ ድንች ይይዛል። የዘሩ ልክ የዶሮ እንቁላል ያህል፣ ከ40 እስከ 70 ግራም ነው። ትልቁን ከፍሎ መትከል ቁጠባ ይመስላል፤ በዚህ ሙቀት ግን ቁርጡ የበሽታ በር ነው፤ ቢላዋውም በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል።

ከዝርያዎች ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ፣ ከአዴት የምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ በአካባቢው ይታወቃሉ። ሙሉ በሙሉ ለመድረስ ከ100 እስከ 120 ቀን ይፈልጋሉ፤ ለጋውን ቀድሞ የሚቆፍር ሰው ከክብደቱ ይቀንሳል፣ በጣዕሙ ያተርፋል።

ተከላውና ውሃው

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት። የከተማው ጓሮ ብዙ ጊዜ ማንጎ ስላለበት ይህ መታሰብ አለበት፤ ከማንጎ ሥር የተተከለ ድንች ግንዱ ይረዝማል፣ ሥሩ ባዶ ነው። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲሜትር ሲሰጥ 10 ካሬ ሜትር ቦታ 44 ዘር፣ ማለትም 2 ኪሎ ከሩብ ያህል ይወስዳል። ጥልቀቱ 10 ሳንቲሜትር፣ ጉንቁሉ ወደ ላይ። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃል፤ ያልበሰበሰ ፍግ ቆዳውን ያሻክረዋል። ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው በካሬ ሜትር 20 ግራም ያህል ከአፈር ጋር ቀላቅሎ እንጂ ዘሩ ላይ አያፈስም።

ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ አይረዳም። ቅጠሉ መሬቱን ሲሸፍን 10 ካሬ ሜትር በቀን 45 ሊትር ያህል ይጠጣል። በአምስት ቀን አንዴ የሚያጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ 11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ውሃ የማያገኝ ጓሮ በጥቅምት ድንች አይትከል። ከሁሉ የሚከፋው አስጠምቶ አስጠምቶ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅ ነው፤ ድንቹ ይሰነጠቃል ወይም መሃሉ ክፍት ይሆናል። ደረቅ ሣር በላዩ ማልበስ እርጥበቱንም ቅዝቃዜውንም ያቆያል። እምቦጭ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከጓሮ በጎርፍ ወደ ጣና ይመለሳል።

ተክሉ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ አንድ ጊዜ፣ ከማበቡ በፊት ሁለተኛ ጊዜ አፈር ማስታቀፍ ያስፈልጋል። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ የሆነው ይመራል፣ ሶላኒን የተባለው መርዝ ስላለበት አይበላም።

ክረምት ላይ መትከልስ?

ይቻላል። ለፍልሰታ ለማድረስ ግንቦት 15 ላይ ጥቂት ውሃ እያጠጡ የሚጀምሩ አሉ፤ 75ኛ ቀኑ ሐምሌ 30 ነው። ችግሩ ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉ ከእርጥበት አያርፍም፤ ከጫፍ የሚጀምር ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይዞ በሳምንት ጓሮውን ያቃጥላል። እንደ ማንኮዜብ ያለ መከላከያ የሚሠራው ምልክቱ ሳይታይ ከተረጨ ነው። የጥቅምት ተከላ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያመልጥ ነው።

አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ግን በየትኛውም ወቅት አለ። በደጋ ቅዝቃዜ ምልክት ሳያሳይ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ይመጣና በባሕር ዳር ሙቀት ይገለጣል፤ ውሃ የጠጣ አረንጓዴ ተክል እኩለ ቀን ላይ በድንገት ይጠወልጋል። ጥማት ነው ብሎ ውሃ መጨመር በሽታውን ወደ ጎረቤቱ ተክል ያሻግረዋል። ለማረጋገጥ ከግንዱ ሥር ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስገብቶ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነው። ተክሉ ከነድንቹና ከነአፈሩ ተነቅሎ በጆንያ ይወጣል፤ በዚያ መደብ ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ደበርጃን አይተከልም። በቆሎ፣ ጎመን ወይም ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል።