እባብን በእባብ መለወጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ ደብረ ማርቆስ እባብ ሲባል ቀድሞ የሚፈለገው ዱላ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ቤቱ ውስጥ ዘንዶ ያሳድጋል። ቦል ፓይተን ይሏታል፤ ስትደነግጥ ተጠቅልላ ድብልብል የምትል የአፍሪካ ዘንዶ ናት። ሰሞኑን ጓደኛው "በኮርን ስኔክ እንለዋወጥ" ብሎታል፤ ኮርን ስኔክ መርዝ የሌላት ቀጭን የአሜሪካ እባብ ናት። በስልክ ሲያማክረን ቡና ላይ የነበረው ሁሉ ሐሳብ አዋጣ። አብዛኛው ስህተት ነበር።

"መብላት ካቆመች ጠልታሃለች፤ ለውጣት።"
እሱም ለመለወጥ ያሰበው በዚሁ ነው። አይጥ ሲያቀርብላት ዞር ብላ አታይም። ቦል ፓይተን ግን ጾም ታውቅበታለች። በተለይ በቀዝቃዛው ወቅት ጤነኛ ሆና ለወራት ላትበላ ትችላለች። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። ክብደቷ ካልወረደ የምትኖርበትን ሳጥን መፈተሽ ይበጃል። የሞቀው ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በሁለቱም በኩል ጠበብ ያለ መደበቂያ ትፈልጋለች። እየከሳች ከሄደች ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት። የታመመችን ደብቆ ለሰው መስጠትማ ነውር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቴርሞሜትር ሳይገዛ እባብ የሚለውጥ ሰው አዲሷም ትጾምበታለች።

"ትናፍቅሃለች ልጄ።"
ይህን ያለችው አክስቴ ናት። እባብ የሰው እጅ ትለምዳለች እንጂ እንደ ውሻ ባለቤቷን አትናፍቅም። ቤት ሲቀየርባት ግን ትረበሻለች። አዲሱ ባለቤት የመጀመሪያውን ሳምንት ባይነካካት ይሻላል።

"ወተት ስጣት።"
እባብ ውኃ ትጠጣለች፣ በቃ። በረት የምትገባውም ላም ልትጠባ ሳይሆን አይጥ ፍለጋ ነው።

"ኮርን ስኔክ ቀላል ናት፤ እንዲያውም ሁለቱንም አንድ ላይ አኑራቸው።"
የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ኮርን ስኔክ ምግብ አትመርጥም። ግን ፈጣን ናት፤ ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ታመልጣለች። ዕድሜዋም ከ15 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል፤ ቦል ፓይተን ደግሞ 30ም ትሞላለች። ሁለተኛው ግማሽ ግን ጭራሽ አይሆንም። አዲስ የመጣች እባብ ለብቻዋ፣ ቢቻል ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከ1 እስከ 3 ወር ትቆያለች። ከመረከብ በፊት ነጭ ሶፍት እርጥብ አድርጎ ገላዋን መጥረግ ነው። ሶፍቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ደም የሚመጥጡ ተባዮች አሉባት ማለት ነው። ዓይኗ ዙሪያና አገጯ ሥርም ይደበቃሉ። ስትበላ በዓይን ማየትም አይከፋም።

"እኛም ከዓባይ በረሃ አንድ ይዘን እንለውጥ።"
ይህ የወጣቶቹ ቀልድ ነበር፤ ግማሹ ግን የምር ይመስላል። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። የአገራችን ዘንዶ ደግሞ ከ4 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የሳጥን እንስሳ አይደለም። ዘንዶ መስሏችሁ የያዛችሁት እፉኝት ከሆነ ደግሞ ለመለወጥም አትደርሱም።