በመዓዛማ ዘይት ጠርሙስ ላይ «ኬሞታይፕ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ጠርሙስ የሮዝመሪ ዘይት አለ እንበል። ተክሉ አንድ፣ ሳይንሳዊ ስሙም አንድ። አንዱ ላይ «ኬሞታይፕ ሲኒዮል»፣ ሌላው ላይ «ኬሞታይፕ ቨርቤኖን» ተጽፏል። ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው? ሁለቱም።

ከቅጠል የሚወጣ መዓዛማ ዘይት የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው፤ አንዳንዴ ከ100 ያልፋሉ። አብዛኞቹ ተርፒን የሚባሉት ቤተሰብ ናቸው። ኬሞታይፕ የሚነግረን ከመካከላቸው ጎልቶ የወጣውን ውህድ ነው፤ ለምሳሌ ሲኒዮልን ወይም ቨርቤኖንን። ልዩነቱ በዋናነት የዘር ውርስ ነው፤ የትኛው ኢንዛይም (ውህዶቹን የሚያመርት ፕሮቲን) ተክሉ ውስጥ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነውና። አፈር፣ ከፍታና የአጨዳ ወቅት ደግሞ መጠኑን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

ነገሩ የስም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቲሞል የበዛበት የታይም ዘይት ቆዳ ያስቆጣል፤ ሊናሎል የበዛበት ግን ለስለስ ያለ ነው። ኬሞታይፑን ያልጻፈ የታይም ዘይት ሻጭ፣ በእኔ እይታ፣ ዋናውን ነገር ዘሎታል።

የዘይቱ ይዘት የሚጻፍበት የምርመራ ወረቀት ላይ ያለው ፐርሰንትም ያደናግራል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ውህዶቹን በጋዝ መልክ ለያይቶ በሚመዘግብ መሣሪያ፣ ሲለካ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው መሣሪያው ከመዘገበው ጠቅላላ ምልክት የዚያን ውህድ ድርሻ ነው። 40% ስለተባለ በ100 ግራም ዘይት ውስጥ ልክ 40 ግራም አለ ማለት አይደለም። ለዚያ ሌላ ልኬት ያስፈልጋል።