ያኪማ ካነት፦ የካውቦይ ፊልሞች ፈረሰኛ

ያኪማ ካነት (1895–1986) አሜሪካዊ የሮዲዮ ፈረሰኛ፣ የፊልም ተዋናይና የስታንት ባለሙያ፣ ማለትም በተዋንያን ፋንታ አደገኛ ትዕይንቶችን የሚሠራ ሰው፣ ነበር። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሥራውን ያላየ ግን ብዙ አይገኝም። በድሮ ካውቦይ ፊልም አክተሩ ከሚጋልብ ፈረስ ወደ ሌላው ሲዘል፣ ወንበዴው በጥይት ተመትቶ ከኮርቻው ሲገለበጥ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እሱ ነው። አንዱ ላይ ኮፍያውን ቀይሮ፣ ሌላው ላይ ፊቱን ከካሜራ አዙሮ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሮዲዮ

ኖቬምበር 29 ቀን 1895 በዋሽንግተን ግዛት፣ ኮልፋክስ ከተማ አጠገብ ባለ የከብት እርባታ ተወለደ። ዋሽንግተን ሲባል ሐበሻ የሞላባት ዲሲ አይደለችም፤ ሲያትል ያለችበት የምዕራቡ ግዛት ነው። (ሲያትልም ብትሆን ሐበሻ አላጣችም።) ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኢኖስ ኤድዋርድ ነበር። አባቱ ከብት አርቢ ሲሆን በግዛቱ ምክር ቤትም አገልግሏል። ልጁ ግን ከአንደኛ ደረጃ በላይ አልተማረም። በ11 ዓመቱ ያልተገራ ፈረስ እንደገራ ይነገራል። በ16 ዓመቱ፣ በ1912፣ በኮልፋክስ ትርኢት ላይ ለውድድር ቀረበ።

ሮዲዮ የከብት ጠባቂዎች ሙያ ወደ ውድድር የተለወጠበት ጨዋታ ነው። ጋላቢው የሚፈነጥዝ ፈረስ ላይ ሳይወድቅ ለመቆየት ይታገላል። ሌላው ደግሞ ከፈረሱ ላይ ዘሎ የሚሮጥ ወይፈን ቀንድ ይዞ ይጥላል። ለጉግስ አገር ሰው ፈረስ ላይ ያለ ጀግንነት አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ በጉግስ ፈረሱ ከጋላቢው ጋር ነው፤ በሮዲዮ ባላጋራው ራሱ ፈረሱ ነው።

«ያኪማ» የሚለው ስም እንዴት እንደወጣለት በተለያየ መልኩ ይተረካል። በብዛት የሚጠቀሰው በ1914 በኦሪገን ግዛት በሚካሄደው የፔንድልተን ሮዲዮ የሆነው ነው። ፈረስ ሲወረውረው የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «ያኪማ ካነት» የሚል ተጻፈበት። ያኪማ በዚያው ዋሽንግተን ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ እሱ ግን የዚያ ሰው አይደለም። ስሙ የቀደምት አሜሪካውያን ሕዝብም መጠሪያ ነው፤ ከዚያም አይወለድም። ያም ሆኖ ስሙ ተጣበቀበት። ዝነኛ ስሙን ያገኘው ሲወድቅ በተነሳ ፎቶ መሆኑ ለኋለኛው ሥራው የተመረቀለት ይመስላል።

በፔንድልተን በ1917፣ በ1919፣ በ1920 እና በ1923 የአጠቃላይ አሸናፊነቱን ወሰደ። በመሐሉ በ1918 በባሕር ኃይል አገልግሏል። እንዲህ ያለ ፈረሰኛ በዘመኑ ስንት ነበር ቢባል ጣት አይሞላም።

ድምፅ አልባው ዘመን

በ1919 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዝነኛው የካውቦይ ተዋናይ ከቶም ሚክስ ጋር ተዋወቀና ፊልም ጀመረ። በ1924 መሪ ተዋናይ ሆኖ ተፈረመ፤ በዚያ ዘመንም በርካታ ድምፅ አልባ ፊልሞችን ሠራ።

ድምፅ ሲመጣ ነገሩ ተበላሸ። ባሕር ኃይል ሳለ የያዘው ጉንፋን ድምፁን ጎድቶት ነበር፤ ሻካራና አንድ ወጥ ሆኖ ቀረ። በዝምታው ዘመን ማንም አልሰማውም። አሁን ግን አክተር መናገር አለበት። ካነት ከመሪነት ወርዶ ወንበዴ መሆንና በሌሎች ፋንታ መውደቅ ጀመረ። ሌላው ቢሆን አኩርፎ ወደ ከብቱ ይመለስ ነበር። እሱ ግን በዚያው የተበላሸ ጊዜ ስታንትን ሙያ አደረገው።

ከዌይን ጋር

የ1930ዎቹ ርካሽ ካውቦይ ፊልሞች በጥቂት ቀናት የሚያልቁ ነበሩ። ለልምምድ ጊዜ የለም፤ ለሐኪም ገንዘብ የለም። ካነት ማስኮት ከሚባለው ትንሽ ኩባንያ ጋር ሲሠራ በ1932 ገና ስሙ ካልገነነ ወጣት ተዋናይ ጋር ተገናኘ። ወጣቱ ጆን ዌይን ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በአንድ ፊልም ካነት ወንበዴ ሆኖ ከዌይን ጋር ይደባደባል፤ ዞር ብሎ ደግሞ የዌይንን ልብስ ለብሶ በእሱ ፋንታ ይጋልባል። ዓለም የሚያውቀው የዌይን ወገብ ሰበቅ ያለ አካሄድና ዝግ ያለ አነጋገር ከካነት የተቀዳ ነው። ዌይን ራሱም ከካነት መማሩን አልደበቀም።

የፊልም ቡጢም በዚሁ ጊዜ ተለወጠ። ቀድሞ ተዋንያን እርስ በርስ ትከሻ ትከሻ እየተመታቱ ያስመስሉ ነበር። በአዲሱ ዘዴ ግን ቡጢው ከተመቺው ፊት አጠገብ አልፎ ይሄዳል። ካሜራው ከጀርባ በኩል ስለሚቆም ክፍተቱ አይታይም፤ ተመቺው በሰዓቱ ጭንቅላቱን ይወረውራል። ይህን የፈጠሩት ካነትና ዌይን ናቸው የሚሉ አሉ። አይ፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ብራድበሪ ነው የሚሉም አሉ። ሦስቱም አብረው ይሠሩ ስለነበር ክርክሩ መቋጫ ያለው አይመስልም።

ሌላው ፈጠራው እርካብ ነው። ጋላቢ ሲወድቅ ትልቁ አደጋ ውድቀቱ አይደለም። እግሩ እርካቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ፈረሱ ከጎተተው ነው የሚሞተው። ካነት አንዱ ጎኑ ክፍት የሆነ እርካብ ሠራ፤ እግር በቀላሉ ሾልኮ ይወጣል። ለሠረገላ ግልበጣም የገመድና የብረት መላ አበጀ። ፈረሶቹ በሰዓቱ ከሠረገላው ይለቀቁና በሰላም ይሄዳሉ፤ ሠረገላው ግን ካሜራው በተተከለበት ቦታ ላይ ይገለበጣል። ብልሃቱ በእያንዳንዱ ቀረጻ እዚያው ቦታ ላይ መገልበጡ ነው።

1939

የካነት ስም በተነሳ ቁጥር የሚነሳው ይህ ዓመት ነው። የዳይሬክተር ጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ፊልም በዚህ ዓመት ወጣ። የፈረስ ማባረሩ ትዕይንት የተቀረጸው ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ባለ የደረቀ ሐይቅ ላይ ነው። መንገደኛ የጫነውን ሠረገላ ስድስት ፈረሶች ሁለት ሁለት ሆነው ይጎትታሉ። ከቀደምት አሜሪካውያን ሕዝቦች አንዱ የሆኑት አፓቼዎች ያባርሯቸዋል። ከአፓቼዎቹ አንዱ ሆኖ የሚጋልበው ካነት ነው።

ፈረሱን ከፊተኞቹ ሁለት ፈረሶች ጎን ያደርስና ዘሎ አንዱ ላይ ይወጣል። ዌይን ይተኩሳል። ካነት በሁለቱ ፈረሶች መሐል ይወርድና በመሐላቸው ያለውን የሠረገላ ዘንግ በእጁ ይዞ ይንጠለጠላል። እግሩ አፈር ላይ ይጎተታል። ኮቴዎቹ ግራና ቀኙን እየመቱ ነው። እንደገና ይተኮስበታል። ያኔ ይለቃል። የቀሩት አራት ፈረሶችና ሠረገላው በላዩ ያልፋሉ። ካሜራው ከኋላ ሲያሳየው መሬት ላይ ይንከባለልና ሊነሳ ይሞክራል። ቁርጥራጭ ምስል አይደለም፤ ሠረገላው በሰውየው ላይ ሲያልፍ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ምስጢር ሂሳብ ነው። ካነት ፈረሶቹ በሙሉ ፍጥነት እንዲነዱ ነበር የፈለገው። ለጆሮ እብደት ይመስላል። የእሱ ምክንያት ግን ይህ ነው፦ ፈረስ በኃይል ሲጋልብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲዘገይ ግራ ቀኝ ይላል። ቀጥ ካለ በመሐሉ ያለው ክፍተት አይጠብም። ሲለቅም እጁንና እግሩን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ መተኛት ነበረበት። ትዕይንቱ እንዳለቀ ካነት ካሜራው ይዞት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ፎርድ ባይዝም እንኳ እንደገና አላስቀርጽም ብሎ መለሰ ይባላል።

እዚያው ፊልም ላይ ዛቡ ሲያመልጥ ዌይን ከሠረገላው ዘሎ ከፈረስ ፈረስ እየተሸጋገረ ወደ ፊት ይሄዳል። እሱም ካነት ነው። እንግዲህ ተኩሶ የጣለውም የወደቀውም አንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት አትላንታ በምትቃጠልበት በታወቀው ፊልም፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ፣ በክላርክ ጌብል ፋንታ ጋሪውን በእሳቱ መሐል የነዳው ካነት ነው። ዋናዋን ተዋናይት ድልድይ ላይ የሚያጠቃው ወሮበላም ራሱ ነው።

የፈረሶቹ ጉዳይ

ስለ ካነት ሲጻፍ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ፈረስ የሚጣለው በሽቦ ነበር። ሽቦው ከፊት እግሮቹ ተነስቶ ሆዱ ሥር ባለ ቀለበት ያልፍና መሬት ውስጥ ከተቀበረ ችካል ጋር ይታሰራል። ፈረሱ እየጋለበ ሽቦው ሲያልቅ የፊት እግሮቹ ይታጠፉና ይገለበጣል። በ1936 በወጣ አንድ የጦርነት ፊልም ቀረጻ ላይ በዚህ ዘዴ ብዙ ፈረሶች አልቀዋል። በ1939ም ሚዙሪ ውስጥ አንድ ፈረስ ለፊልም ሲባል ከገደል ወደ ሐይቅ ተጥሎ ሞተ። ተቃውሞው በረታ፤ ከ1940 ጀምሮ የአሜሪካ የእንስሳት ተቆርቋሪ ማኅበር የፊልም ቀረጻዎችን መከታተል ጀመረ።

ካነትም በሽቦው ይጠቀም ነበር። ወደ 300 ጊዜ ያህል እንደተጠቀመበትና አንድም ፈረስ አካለ ጎደሎ እንዳላደረገ ተናግሯል። አፈሩን አስቀድሞ ማለስለስና ፈረሱን ማወቅ ከሌሎቹ የለየው ይመስላል። ፈረስ ለእሱ እንጀራው ነበርና አያያዙ ላይ አይታማም። ዘዴው ራሱ ግን መከልከሉ ትክክል ነበር።

ከወደቀበት ተነስቶ

ሰውነቱ ዋጋ ከፍሏል። በ1940 በአንድ ፊልም ላይ በጌብል ፋንታ ሲሠራ ፈረስ ወደቀበትና የውስጥ ጉዳት ደረሰበት። በ1943 ደግሞ ከጋሪ ሲወድቅ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከመውደቅ ወደ ማስወደቅ ተሻገረ። በ1950ዎቹ ወደ አውሮፓ እየተጠራ የፈረሰኛ ጦርነት ትዕይንቶችን መርቷል።

ትልቁ ሥራው በ1959 የወጣው «ቤን ሐር» የሠረገላ ውድድር ነው። ትዕይንቱን ከአንድሩ ማርተን ጋር ነው ያዘጋጀው። ሮም በሚገኘው የቺኔቺታ ስቱዲዮ 18 ኤከር የሚሆን ሜዳ ተሠራ። ካነት ፈረሶችንም ሰዎችንም አሠለጠነ። ዋናው ተዋናይ ቻርልተን ሄስተን መንዳቱን ለምዶ ማሸነፉ ሲያሳስበው፣ ሠረገላው ላይ ከቆየህ ታሸንፋለህ፣ ያንን ለእኔ ተወው ብሎ እንዳረጋጋው ሄስተን ደጋግሞ አውርቷል።

ሠረገላው በተሰበረ ሠረገላ ላይ ሲዘል የሄስተን ምትክ ወደ ፊት ተወርውሮ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ያ ሰው የካነት ልጅ ጆ ነው። ተንጠላጥሎ ተረፈ፤ የደረሰበት አገጩ ላይ በጥቂት ስፌት የተጠገነ ቁስል ብቻ ነው። አደጋው ከፊልሙ እንዲቆረጥ አልተደረገም፤ ሄስተን ወደ ሠረገላው ሲወጣ የሚያሳይ ምስል ተጨምሮ ገባ። በቀረጻው ሰው ሞቷል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘለትም።

በ1967 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የክብር ኦስካር ሰጠው። የተጠቀሰው ምክንያት የስታንት ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ለባልደረቦቹ ደኅንነት የሠራቸው መሣሪያዎችም ተቆጥረውለታል። ለስታንት ራሱን የቻለ መደበኛ ኦስካር ግን ያኔ አልነበረም። አካዳሚው ሽልማቱን እንደሚጀምር ያስታወቀው በ2025 ነው፤ የሚሰጠውም በ2028 ነው። ዘግይቷል ማለት ሲያንስ ነው።

ካነት ሜይ 24 ቀን 1986 ሰሜን ሆሊውድ ውስጥ በ90 ዓመቱ አረፈ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1981፣ ኢንዲያና ጆንስ የተባለው የፊልም ገጸ ባሕርይ በሚሮጥ የጭነት መኪና ሥር ተጎትቶ ሲወጣ የታየበት ትዕይንት ወጥቶ ነበር። የሠራው ቴሪ ሌናርድ ሲሆን የተቀዳውም ከ1939ኙ ሠረገላ ነው። መኪናው ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ ሌናርድ የሚያልፍበት መንገድም መሐሉ ተቆፈረ።