ሰሞኑን የተጫወትኳቸው ጌሞች ያፈረሷቸው አመለካከቶች

ባለፉት ጥቂት ወራት ማታ ማታ ጆይስቲክ ይዤ ስድስት ጌሞችን ጨርሻለሁ። ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም ለእኔ አዲስ ነበሩ። እያንዳንዱን ከመጀመሬ በፊት ግን ከሰው አንድ ፍርድ ሰምቼ ነበር፦ «ይህ ለአንተ ይከብድሃል»፣ «መልኩ አያምርም»፣ «አጭር ነው፣ ገንዘብህን አታባክን»። ተጫውቼ ሳየው አብዛኛው ፍርድ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። ጌም በእጅ ተይዞ የሚታወቅ ነገር ሆኖ ሳለ ከውጭ በሚታየው፣ በመልኩ፣ በርዝመቱና በወሬው ሲመዘን ያሳዝነኛል። ስለዚህ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከባድ ጌም ፈጣን እጅ ላላቸው ወጣቶች ብቻ ነው»

ይህ በተለይ የሚነገረው በ2022 ስለወጣው ኤልደን ሪንግ ነው። ጃፓናዊው ሂዴታካ ሚያዛኪ የመራው ይህ ጌም ከባድ መሆኑ አይካድም። የክብደቱ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በትክክል አይነገርም።

በጨዋታው መጀመሪያ አካባቢ፣ ወደ ትልቁ ግንብ በሚያስገባው ድልድይ ላይ፣ ማርጊት የሚባል ጠላት ይጠብቃል። በትሩን ወደ ላይ ያነሳል። እጄ ወዲያው የማምለጫውን ቁልፍ ይጫናል፤ ገጸ ባሕሪዬም ይንከባለላል። በትሩ ግን ገና አልወረደም። ማርጊት ለአንድ አፍታ አየር ላይ ይዞት ይቆያል፤ እኔ ተንከባልዬ ስነሳ ያን ጊዜ ያሳርፍብኛል። ጠላቱ የተሠራው የሚቸኩለውን ሰው እንዲቀጣ ነውና ፈጣን እጅ እዚህ ቦታ ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው። እኔ ከሃያ ጊዜ በላይ ወድቄበታለሁ። ያሸነፍኩት በትሩ ሲነሳ ዝም ብዬ መቆምን፣ መውረድ ሲጀምር ብቻ መንቀሳቀስን ስለምድ ነው። ይህ ደግሞ በትዕግሥት የሚገኝ ነገር ነው፤ ዕድሜ አይከለክለውም።

ማሸነፍ ያቃተው ሰው ትቶት መሄድም ይችላል። ምድሩ ሰፊ ነው፤ በፈረስ ወደ ደቡብ ወርዶ ዋሻዎችን መፈተሽ፣ መሣሪያን ማጠናከር፣ አጋዥ መንፈስ ይዞ መመለስ ይቻላል። መንፈስ መጥራትን ወይም ሌላ ተጫዋች ለእርዳታ መጋበዝን «እውነተኛ ድል አይደለም» የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። መንገዱን የከፈቱት የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ በተከፈተ መንገድ የሄደ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ክብደቱን ቀንሶ መጫወት ማጭበርበር ነው»

የቀደመው አመለካከት ወንድም ነው። በ2018 የወጣው ሴሌስት ማደሊን የምትባል ልጅ ተራራ ስትወጣ የሚያሳይ፣ በየስንዝሩ የሚጥል ጌም ነው። ሠሪዎቹ ግን የጨዋታውን ፍጥነት መቀነስ ወይም ገጸ ባሕሪዋ ጨርሶ እንዳትሞት ማድረግ የሚያስችል ምርጫ አብረው አስቀምጠዋል።

የሙታን ዓለም ገዥ ልጅ ከዚያ ለማምለጥ የሚታገልበት የ2020ው ሄዲስ ያደረገው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ልዩ ምርጫውን የከፈተ ተጫዋች ከሚደርስበት ጉዳት 20 በመቶው ይቀነስለታል፤ በሞተ ቁጥር 2 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 80 በመቶ ነው። ሠላሳ ጊዜ የወደቀ ሰው ጣሪያው ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ውድቀቱ ራሱ ስንቅ ይሆነዋል። እኔ ሄዲስን በዚህ ምርጫ ነው የተጫወትኩት፤ ያጣሁት ነገር የለም። ታሪኩ የሚገለጠው ገጸ ባሕሪው ሞቶ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስና የቤቱ ሰዎች አዲስ ነገር ሲነግሩት ስለሆነ፣ ምርጫውን የከፈተም ያልከፈተም ያንኑ ታሪክ ይሰማል።

«ግራፊክሱ ካላማረ ጌሙም ደካማ ነው»

ከሁሉ በላይ ልከራከርበት የምፈልገው ይህን ነው። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣው ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ አንዱ ጨለማ፣ ሌላው ብርሃን። ሥዕሉ በነጠብጣቦችና በመስመሮች የተሠራ ነው። ጠፍታ የነበረች መርከብ በ1807 ያለ ሰው ትመለሳለች። ተጫዋቹ የኢንሹራንስ መርማሪ ሆኖ ይሳፈርና የ60 ሰዎችን ስምና መጨረሻ አጣርቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በእጁ ያለች ሰዓት ወደ እያንዳንዱ አስከሬን የመጨረሻ ቅጽበት ትወስደዋለች፤ ጥቂት ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ደርቆ ይቆማል። በቆመው ትዕይንት መካከል እየተዘዋወሩ መመልከት ነው ሥራው።

አንድ ነገር ብቻ ልግለጥ፤ ከዚህ በላይ መናገር ደስታውን መስረቅ ይሆናል። መርከበኞቹ በተንጠለጠሉ አልጋዎች ላይ ተኝተው የሚታዩበት አንድ ክፍል አለ። ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ። በአራተኛው አልጋዎቹ ላይ ትናንሽ ቁጥሮች እንዳሉ አየሁ። የመርከበኞቹን ስም ዝርዝር ገለጥኩ፤ እዚያም ቁጥር አለ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች በአንድ ምሽት ስም አገኙ። ጌሙ መልስ የሚያረጋግጠው ሦስት ሦስቱ በትክክል ሲሞሉ ስለሆነ በግምት መሄድ አያዋጣም፤ ማየት ግዴታ ነው። የሥዕሉ ቁጥብነትም ለዚሁ ያገለግላል፤ ጥቂት ነገር ብቻ ስላለ ዓይን ያለውን ሁሉ ይመረምራል።

«ጌም ሰውን ጠበኛ ያደርጋል»

ይህን ባጭሩ ልለፈው። በ2019 የታተመ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተመራ ጥናት የ14 እና የ15 ዓመት ብሪታንያውያን ወጣቶችን ተመልክቶ ነበር፤ የወጣቶቹን ባሕርይ የገለጹት ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው ናቸው። ጠብ ያለበትን ጌም በመጫወትና በጠበኛ ባሕርይ መካከል ግንኙነት አላገኘም። ይህን ስል ጌም ከቶ አይጎዳም ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻልን፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደምንና ጉዳት እያስከተለም መቀጠልን፣ ይህም ባብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወራት ሲዘልቅ፣ በሕመም መዝግቦታል። እውነተኛው ስጋት እዚያ ላይ ስለሆነ ልጆቻቸው በጌም የሚያሳልፉት ሰዓት በጌሙ ውስጥ ካለው ሰይፍና ጥይት ይልቅ ወላጆችን ቢያሳስባቸው እመርጣለሁ።

«የመጀመሪያው ሳምንት ወሬ የመጨረሻው ፍርድ ነው»

በወደፊት ዘመን ከተማ ውስጥ የሚካሄደው ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ብልሽቱ እጅግ ብዙ ስለነበር የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ አንሥቶት እስከ ሰኔ 2021 አልመለሰውም። እኔ የተጫወትኩት በመስከረም 2023 ከወጣው ትልቅ እድሳት በኋላ ነው፤ ያገኘሁትም በፍቅር የተሠራ ከተማ ነው። መጀመሪያ ገዝተው የተበሳጩ ሰዎች ቅሬታ ግን ትክክል ነበር፤ የኋላው ጥገና አያጠፋውም።

«አጭር ጌም ዋጋውን አያወጣም» እና «በቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል»

ሁለቱን አንድ ጌም ስለሚመልሳቸው አብሬ አነሣቸዋለሁ። በ2019 በወጣው፣ በጠፈር መርከብ ፕላኔቶችን እየዞሩ በሚመረምሩበት አውተር ዋይልድስ ውስጥ ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ትፈነዳለች፤ ተጫዋቹም ወደ መነሻው ይመለሳል። አዲስ መሣሪያ አይሰጠውም፣ ጉልበት አይጨመርለትም። ፍጻሜው ላይ እንዳይደርስ የሚያግደው የገዛ ራሱ አለማወቅ ብቻ ነው። በዚያ ሰማይ ላይ ሁለት መንትያ ፕላኔቶች አሉ፤ አንደኛው አሸዋውን እንደ ዓምድ ወደ ሌላው ያፈስሳል። በአንዱ ዋሻዎቹ እየተሞሉ ይዘጋሉ፣ በሌላው የተቀበሩ ሕንፃዎች ይገለጣሉ። እኔ ዘግይቼ ዋሻው ውስጥ ገብቼ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሳነብ አሸዋው ከእግሬ በታች እየጨመረ ከጣሪያው ጋር አጣበቀኝ። በቀጣዩ ዙር ቀድሜ ሄድኩ።

መቶ ሰዓት የፈጁብኝ፣ ዛሬ የማላስታውሳቸው ጌሞች አሉ። ይህ ከዚያ በጣም ያነሰ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዋሻው ግን አሁንም ትዝ ይለኛል። ሌላ ሰው ሲጫወተው በቪዲዮ የተመለከተ ሰው መልሱን ያውቃል፤ የማወቁን መንገድ ግን አልሄደበትም። ሁለተኛም ዕድል የለውም፣ ምክንያቱም ይህን ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ መጫወት የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ መጨረሻውን እንድነግረው ለመነኝ። አልነገርኩትም፤ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። አሁን ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አሸዋው ላይ ደርሷል።