ከሰርከስ ስለሚድኑ አንበሶች የሚባለውና እውነታው

ከሰርከስ ስለዳነ አንበሳ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ «በሩን ከፍቶ ጫካ መልቀቅ ነው እንጂ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ አንበሳ ጦሳ ተራራ ላይ ቢለቀቅ ወይ ይራባል፣ ወይ መንደር ወርዶ በግ ሲበላ ይገደላል። አደን ከእናት የሚቀሰም ነው፤ የሰርከስ ግልገል ደግሞ ከእናቱ የሚነጠለው ገና ጡት ሳይጥል ነው። ሰውን አይፈራም፤ ምግብ የሚያውቀው ከሰው እጅ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከቦሊቪያ ሰርከሶች የወጡት 25 አንበሶች የተወሰዱት ኮሎራዶ ወዳለ መጠለያ ነበር። በ2016 ከፔሩና ከኮሎምቢያ 33 አንበሶች ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ፣ አፍሪካ ምድር ላይ ሆነውም ከአጥር አልወጡም።

«ጥፍሩ ከተነቀለ ሰው አይጎዳም» ይባላል። ጥፍር ሲነቀል የጣቱ የመጨረሻ አጥንት አብሮ ይቆረጣል። አንበሳው እያመመው ይራመዳል፤ መንጋጋው ግን እንዳለ ነው።

ባለ መስመሩ የሰርከስ እንስሳም ነብር አይደለም። ነብር የእኛው ዝንጉርጉሩ ነው፤ ያኛው ታይገር ነው፣ አገሩም እስያ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን «ሥጋ ካገኘ ምን ይጎድለዋል?» የሚለው ነው። ካልሲየም ይጎድለዋል! አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ 2 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ ቢያንስ ያንኑ ያህል መሆን ሲገባው 0.1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሰውነቱ ጉድለቱን ከራሱ አጥንት እየመዘዘ ይሞላል። ግልገል ከሆነ እግሩ ይቆለመማል፣ አከርካሪው ይጎብጣል፣ ትንሽ ዝላይ አጥንቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ ሥጋው ከነአጥንቱ፣ ጥሬውን ይሰጥ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። አጥንት የሌለው ብጥሌ ብቻ ከተገኘ በየኪሎው ከ5 እስከ 6 ግራም የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ይነስነስበት። ጉበት ያስፈልጋል፣ ግን ከጠቅላላ ምግቡ ከ5 በመቶ አይለፍ። ያደገ አንበሳ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይበቃዋል። ከስቶ የመጣውን በአንድ ጊዜ አታጥግቡት፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ሞቶ የተገኘ ከብት በፍጹም አይቅረብለት፤ አባ ሰንጋ ከሆነ አንበሳውንም ሥጋ ቆራጩንም ይገድላል።

«በመድኃኒት ደንዝዞ ይጓጓዝ» የሚሉም አሉ። የደነዘዘ እንስሳ መንገድ ላይ ትውከቱ ሊያንቀው፣ ሙቀቱም ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ ምግቡን ማጓጓዣ ሳጥኑ ውስጥ እየበላ ይልመድ፤ ነቅቶ ይሂድ።

የመጨረሻው የእኛኑ አካባቢ ይመለከታል፦ «ግልገል ገዝቶ ማሳደግም ማዳን ነው።» አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦሸማኔ ግልገሎች በኮንትሮባንድ ወደ ዓረብ አገሮች ይሻገራሉ፤ የገዛ ሰው ለሚቀጥለው ግልገል ማጥመጃ ከፈለ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከቆላ የመጣ ግልገል ቢያጋጥማችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ለፖሊስና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ተይዞ እጃችሁ ከገባ አየር በሚገባበት ጨለም ያለ ሳጥን፣ ከውሻ ራቅ አድርጋችሁ አቆዩት። የላም ወተት አትስጡት፣ ያስቀምጠዋል። ሆለታ አጠገብ ያለው «እንስሳ ኮቴ» የተባለው ቦታ አንበሳና አቦሸማኔ ተቀብሎ የሚያኖር መጠለያ ነው።