የሕዳሴው ግድብ ሁለት ቁጥሮች፦ ሜጋ ዋት እና ጊጋ ዋት ሰዓት

ስለ ሕዳሴው ግድብ ስንከራከር ሁለት ቁጥሮች ይምታቱብናል፤ 5,150 ሜጋ ዋት እና በዓመት 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ። የመጀመሪያው አቅም ነው፤ ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ኃይል ሲዞሩ በዚያች ቅጽበት የሚሰጡት። ሁለተኛው በዓመት ይመረታል ተብሎ የሚጠበቀው ነው። አንድ ሜጋ ዋት ሺህ ኪሎ ዋት ነው፤ አንድ ጊጋ ዋት ሰዓት ደግሞ ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት።

የቤታችንን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። 3.5 ኪሎ ዋት የተባለ ምጣድ ያን ያህል የሚስበው በርቶ ሳለ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ ቆጣሪው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ የምንከፍለውም ለዚህ ነው።

ግድቡ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል በሰጠ ነበር። የሚጠበቀው ግን የዚህን ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። «ታዲያ ተታለልን?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የዓባይ ውኃ በክረምትና በበጋ እኩል አይፈስም፤ የሰው ፍጆታም እንደዚያው ነው፤ ምሽት ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ይንራል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይወርዳል። ትርፍ የሚመስለው አቅም የሚያስፈልገው ለዚያች ምሽት ነው። ያም ሆኖ ተርባይን ገንዘብ ይበላል፤ «ይህን ያህል ያስፈልግ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ባለሙያዎችም ከግንባታው ጊዜ ጀምሮ ሲጠይቁት ኖረዋል።